የግራው መሪ ጠፍር

የሻረግ ማንጎዋን ተሸክማ ወደ አሶሳ ገበያ ስትወርድ ከድልድዩ አጠገብ ሰው ተሰብስቦ አየች። ቅርጫቷን መንገድ ዳር አስቀምጣ ሮጠች። አንድ ወጣት ከድልድዩ የድንጋይ ከለላ ሥር በጎኑ ወድቋል፤ ፊቱን በነጠላ ሸፍነውታል። እሷ ግን ቀድማ ያየችው ብስክሌቱን ነው። ቀይ ነው። የልጇ የሰራዊት ብስክሌት ሰማያዊ ነው።

«ተመስገን» አለች በልቧ። ወዲያው የሞተው ኤልሳዕ፣ የጎረቤቷ የከበደች ልጅ መሆኑን ሰማችና በራሷ አፈረች።

ከበደችና የሻረግ በሰፈራው ዘመን ከወሎ በአንድ ጭነት መኪና ሲመጡ ሁለቱም ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሻረግ ዓይኗን ከከበደች ደጅ ላይ ነቅላ አታውቅም። የከበደች በቆሎ ቀድሞ ያሸታል፤ የከበደች ቤት ቀድሞ ቆርቆሮ ለበሰ፤ የከበደች ልጅ በብስክሌት ውድድር አንደኛ ወጣ፣ የእሷ ልጅ ያንኑ ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። ኤልሳዕን በቅርቡ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ መርጦት ጓዙን ሊሸክፍ ነበር።

«ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ እጁ ከመሪው ሾለከ» አለ አብሮት ሲለማመድ የነበረው የባምባሲው ሞቱማ። «በዓይኔ ነው ያየሁት አቦ! ቆዳው ከነእጁ ወጣ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ብስክሌቱን አየ። በቀኙ መሪ ላይ የተጠመጠመው ቡናማ የቆዳ ጠፍር ቦታው ላይ ነው። የግራው ግን እንደ ወረደ ካልሲ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ብረቱ ራቁቱን ቀርቷል።

«ይሄን የጠመጠመው ሰራዊት አይደለም እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

የሻረግ ቅርጫቷን ሳታነሳ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የሰራዊት መጠገኛ ከግቢዋ አጥር ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ዳስ ናት። ልጇ ገና ወሬውን አልሰማም፤ ጎማ ሊገዛ ወጥቷል። ከሣጥኑ ውስጥ ቁርጥራጭ ቆዳውን፣ ወስፌውን፣ የሰሊጥ ዘይት ጣሳውን፣ ቆዳ የተጠመጠመበትን አንድ የብረት ቱቦ ሳይቀር ጆንያ ውስጥ ከተተችና ከሙዙ ሥር ቀበረችው። ቱቦው የባሰ አስፈራት፤ ሰው የሚመቱበት ነገር መሰላት።

ኢንስፔክተር ኢቲዳል ስትመጣ ሰራዊት ተመልሶ ዳሱ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ኢቲዳል የመንጌ ተወላጅ ናት፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሻርፗን ከአንገቷ ጀርባ ያሰረች። ብስክሌቱን ከፖሊስ ፒካፕ አስወርዳ ግድግዳ አስደገፈችው።

«ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ቆዳውን ማን መረጠ?»

«እሱ ነው። ሦስት ዓይነት አሳየሁት። የበግ ቆዳ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ግን ላብ ሲጠጣ ይለጠጣል። የላሙ ወፍራም ነው፤ ረጅም መንገድ ላይ እጅ ያደነዝዛል። የፍየሉን በል አልኩት። ሳምሪም የፍየሉን ቀለም ወደደችው።»

«ሳምሪ እጮኛው ናት?»

«አዎ።»

«አንተም ትወዳት ነበር አሉኝ።»

«ዛሬም እወዳታለሁ።»

«አንተ ልጅ!» ብላ ጮኸች የሻረግ። «ምን አስቀባጠረህ? ልጄ፣ አትስሚው፤ ደንግጦ ነው።»

ኢቲዳል ወደ ልጁ ዞረች። «እንዴት ነው የምትጠመጥመው?» አለችው።

«ብረቱን ማስቲሽ እቀባለሁ፤ ቆዳውንም በውስጥ በኩል እቀባለሁ። እስኪያዝ ጠብቄ ከላይ፣ ከፍሬኑ ሥር እጀምርና እየሳብኩ ወደ ታች እወርዳለሁ። መጨረሻውን መሪው አፍ ውስጥ አስገብቼ በቡሽ እደፍነዋለሁ። እንዲህ ከተሠራ በቢላ ካልሆነ አይወጣም።»

ኢቲዳል ጠፍሩን በጣቷ ገለጥ አደረገችና አሸተተችው። «ይሄ ዘይት ነው። የሰሊጥ። እዚህ እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ የደረቀ ማስቲሽ ፍርፋሪ አለ። ተለጥፎ ነበር ማለት ነው። ኋላ አንድ ሰው ፈትቶ፣ ማስቲሹን ፍቆ፣ ዘይት ቀብቶ መለሰው።»

«እኔ አይደለሁም!»

«ምናልባት። ዕቃህን አሳየኝ እስቲ።»

ሰራዊት ሣጥኑን ከፈተ። ባዶ ነው። «እዚህ ነበር… ሁሉም ነገር…» አለና እናቱን አየ። ኢቲዳልም እናቱን አየች፤ ከዚያ የእናቱን ጥፍር። ጥፍሯ ሥር እርጥብ አፈር አለ።

ሰራዊትን ይዘውት ሄዱ።

የሻረግ ምሳውን በሳህን ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። ኢቲዳል ሰዎቹን የምታነጋግረው ውጭ፣ ዛፉ ሥር ነበርና ሁሉንም ትሰማለች። መጀመሪያ ሞቱማ ቀረበ።

«ኤልሳዕ ባይኖር ክለቡ አንተን ነበር የሚወስደው አይደል?»

«አዎ። ቀንቼበታለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? ከኋላው ሆኜ ጎማውን ስቆጥር ነው የኖርኩት። ግን ብስክሌቱን ነክቼው አላውቅም። እሱ ራሱ አያስነካም፤ ማታ ማታ ቤቱ ነው የሚያሳድረው።»

ቀጥሎ ሳምሪ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ሰራዊት ይቀና ነበር?» አለቻት ኢቲዳል።

«ይቀና ነበር። እየቀናም ጥሩ አድርጎ ሠራለት። ኤልሳዕ ‹እኔ ብሆን ለሱ አልሠራም ነበር› ብሎ ስቋል።»

በመጨረሻ የኤልሳዕ ታላቅ ወንድም ጌትነት ቀረበ፤ ሰፊ ትከሻ ያለው ገበሬ ነው። ከእርሻ በቀጥታ ስለመጣ የበሬ ጅራፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የሻረግን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ብስክሌቱ ቤት ውስጥ የት ነበር የሚያድረው?»

«ከኔ አልጋ ጎን።»

«ስንት በሬ አላችሁ?»

«አንድ ነው የቀረው። ከሰው በሬ ጋር አቀናጃለሁ።»

«ሁለተኛውስ?»

ጌትነት ጅራፉን ከአንገቱ አወረደ። «ብስክሌት ሆነ» አለ።

«እናትህ ሸጠውት?»

«የሷ ነው፤ ትሽጠው። ለልጇ ገዛችለት።»

«አንተስ ልጇ አይደለህም?»

«አርሼ የማበላ ነኝ።» አለና ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ኢቲዳል ጅራፉን ለማየት ጠየቀችው። እጀታውን አገላብጣ አየችና መለሰችለት።

ጌትነት ከሄደ በኋላ መጥታ ከየሻረግ ጎን ተቀመጠች።

«እትዬ የሻረግ፣ ምን እንደደበቁ አላውቅም። እርስዎ ልጅዎን ያዳኑ መስሎዎታል። አሁን ግን ያ ባዶ ሣጥን ነው በልጅዎ ላይ የሚመሰክረው።»

የሻረግ የሳህኑን ቋጠሮ ፈታ መልሳ አሰረችው። ዕቃው ቢወጣና ቢያስፈርድበትስ? ያ ቱቦ ያስገድለው ይሆን? በራሷ እጅ አውጥታ ልትሰጥ ነው? ደግሞ ልጇ በር ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ያየችው ትዝ አላት። ያ ለቅሶ ለሞተው ነበር፤ ለራሱ ሲል አልነበረም።

«ከሙዙ ሥር ነው» አለች። «ልጄ፣ እናት አለሽ?»

«አለችኝ። እሷም ትቀብረው ነበር ወላሂ።»

ጆንያው ሲወጣ ኢቲዳል ወስፌውንም ጣሳውንም ወደ ጎን አድርጋ ቱቦውን አነሳች። የበግ፣ የፍየልና የላም ቆዳ እየተቀጣጠለ ተጠምጥሞበታል፤ ሰራዊት ለደንበኛ የሚያሳየው ናሙና ነው። ጎንበስ ብላ ጫፍ ጫፉን አየች፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

በማግስቱ ሁሉንም ዳሱ ጋ ጠራቻቸው። ከበደች ጥቁር ለብሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ጌትነት ከጎኗ ቆመ። ሞቱማና ሳምሪ ከአጥሩ ሥር ናቸው። ሰራዊትን ከጣቢያ አመጡት፤ የሻረግ እጁን ያዘችና አልለቅም አለች።

«እጃችሁን ማየት እፈልጋለሁ» አለች ኢቲዳል። ለእያንዳንዳቸው አጭር የብረት ቱቦ፣ ጠፍር፣ ቡሽና ማስቲሽ አስያዘቻቸው። «የብስክሌት መሪ ነው በሉና ጠምጥሙልኝ።»

«እናቴ ለቅሶ ላይ ናት፤ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ ጌትነት።

«ጨዋታ አይደለም። ካልፈለግክ ተው።»

ሁሉም እያየው ስለሆነ አልተወም።

ሳምሪ ጠፍሩን አጣማ አጣማ ቋጠረችው። ሞቱማ ጠምጥሞ ሲጨርስ ከኪሱ ናስትሮ አወጣና መጨረሻውን ጠቀለለበት። «እኛ ባምባሲ እንዲህ ነው የምንዘጋው» አለ። ሰራዊት ቀስ ብሎ ወረደና ጫፉን ቱቦው አፍ ውስጥ አስገብቶ በቡሽ መታው። ጌትነት ማስቲሹን አብዝቶ ቀባ፤ ማንም ጥሩ አልቀባህም እንዳይለው ይመስላል። ከዚያ ዓይኑን እናቱ ላይ አድርጎ ጠመጠመ። እጁ እንዳመሉ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ጥምጥሞች ላላ አድርጎ፣ ጫፉን በሥራቸው መልሶ አሾለከና አጠበቀው። መጨረሻው ከጥምጥሙ ሥር ጠፋ። ከዚያም ቡሹን ባዶው አፍ ላይ ወተፈው።

ኢቲዳል አራቱን ቱቦዎች አግዳሚው ላይ ደረደረቻቸው።

«ልንገራችሁ። ኤልሳዕን የጣለው ጠፍሩ መላቀቁ ነው፤ ጠፍሩን ያላቀቀው ዘይት ነው። ዘይት ሁሉም ቤት አለ፤ ሰራዊትም ቤት አለ። ስለዚህ ከዘይቱ ምንም አላገኘሁም። ግራ ያጋባኝ ቡሹ ነው። የቀኙን ቡሽ ስነቅለው የጠፍሩ ጫፍ አብሮ ወጣ። የግራውን ስነቅለው ባዶ ነበር። የጠፍሩ ጫፍ የት ሄደ? ፈለግኩት። ከጥምጥሙ ሥር ተሾልኮ ነበር።»

«ሰራዊት ራሱ ሆን ብሎ አበላሽቶት ቢሆንስ?» አለ ሞቱማ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። እትዬ የሻረግ ናሙናውን ሰጡኝ። ናሙናው የተሠራው ማንም ስለ ሞት ሳያስብ ነው፤ የቱቦው ሁለቱም አፎች የጠፍሩ ጫፍ ገብቶባቸው በቡሽ የተደፈኑ ናቸው። ሰራዊት ክፋት ቢያስብ ማስቲሹን ይተወዋል እንጂ እጁ ሌላ አጨራረስ ከየት ያመጣል? በዚያ ላይ ተንኮለኛው ጫፉን ለምን እንደዚያ ደበቀ? ሊያሳምረው አይደለም። እጁ ሌላ ስለማያውቅ ነው። የጅራፍ እጀታ እንደዚያ ነው የሚዘጋው፤ ቋጠሮ ካለው አራሹን መዳፉን ይልጠዋል። ትናንት አንድ ጅራፍ አይቻለሁ። ብስክሌቱ ያደረው ደግሞ ከባለ ጅራፉ አልጋ ጎን ነው።»

ጌትነት ቱቦውን እያየ ነበር፤ የገዛ እጁ አሳልፎ የሰጠው ያህል።

«ጌትነት?» አለች ከበደች።

«እጁ እንዲሰበር ነበር» አለ። «እጁ ብቻ። ቢሰበር አይሄድም፤ ቤት ይቀር ነበር። እንደኔ ቤት ይቀር ነበር። ድልድዩ ላይ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

«በሬው ነው?» አለች እናቱ።

«በሬው አይደለም እማዬ። በሬውን ስትሸጪ ጠየቅሽኝ? እሱ ሲያሸንፍ እልል እያልሽ አስፋልት ድረስ ትወጫለሽ። እኔ ዝናብ መትቶኝ ስገባ ‹በሩን ዝጋ› ነው የምትዪኝ።»

ጌትነት ሁለት እጁን ለፖሊሶቹ ዘረጋ። ፒካፑ ሲነሳ እናቱን ዞሮ አላያትም።

«ኸላስ፣ አበቃ» አለች ኢቲዳል ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ሰራዊት፣ ወደ ቤትህ ግባ።» ብስክሌቱን እየገፋች ሄደች። ሞቱማና ሳምሪም ተራ በተራ ወጡ።

የሻረግ የልጇን እጅ እንደያዘች ናት። የለመነችው ሁሉ ተሰጥቷታል፤ ልጇ ቤቱ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በሕይወት አለ። ይዛው ልትገባ ስትል ከበደች ቀና አለችና ሰራዊትን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ የተያያዘውን እጃቸውን አየች። የሻረግ ያንን አስተያየት አወቀችው። ስንት ዘመን በአጥሩ ቀዳዳ በኩል በገዛ ዓይኗ ስታይበት ኖራለች። ከወዲያ በኩል ሲመጣ ግን ይህን ያህል እንደሚያቃጥል አታውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ሐሳቧ ልጇን ከኋላዋ መደበቅ ነበር። አልደበቀችውም። ጣቶቿን ፈታች።

«ሂድ» አለችው።

ሰራዊት ሄዶ ከበደች ፊት በርከክ አለ። «እትዬ፣ ይነሱ፤ ቤት ላድርስዎት።»

«ተወኝ።»

«አልተውዎትም።»

ከበደች ክንዱን ያዘች፤ ክብደቷን ሁሉ ጥላበት ተነሳች። በአጥሩ በር ወጥተው ወደ ከበደች ቤት ታጠፉ። የሻረግ ልጇን አልጠራችውም። ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ ትንሽ ራቅ ብላ ከኋላቸው ተከተለች።