እርጥብ ወረቀት

ብርቅዬንና ምስጋኑን ያገናኛቸው ዝናብ ነው። ፍቅር ከዓይን ይጀምራል ሲባል እሰማለሁ። የእነሱ ግን የጀመረው ከአንድ ካርቶን ወረቀት ነው።

ድርቁ አልፎ ሰማዩ ከላስታ ጋር በታረቀበት በሰባ ስምንት ክረምት፣ ላሊበላ ውስጥ አንድ የሴቶች የእጅ ሥራ ማኅበር ነበር። ሴቶቹ ወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ምንም ቀለም፣ በእጅ እየተጫኑ የላሊበላን መስቀል አጉልተው ያትማሉ። መስቀሉ ከወረቀቱ ላይ አበጥ ብሎ ይወጣል፤ ዓይን የጨፈነ ሰው እንኳ በጣቱ ያገኘዋል። ካርዱ አዲስ አበባ ወርዶ ለፈረንጅ ይሸጣል። ለውጭ ምንዛሪ ሲባል በዚያ ዘመን መስቀሉም ጓድ ሆኖ ነበር።

ቅርጹን ከነሐስ የምትፈለፍለው ብርቅዬ ናት። አባቷ መሪጌታ ጽጌ የብራና መጻሕፍትን በቆዳ የሚለብዱ፣ ቆዳው ላይም ሐረግና መስቀል የሚያትሙ ደጓሽ ነበሩ። ሲሞቱ ብረታ ብረታቸውንና የእጃቸውን አመል ለእሷ ተዉላት።

ያን ቀን ወረቀት የጫነው መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ያዘውና ካርቶኖቹ በበቅሎ መጡ። በቅሎዎቹን የሚነዳው የይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ገበሬ ልጅ ምስጋኑ ነበር። ጋቢውን ለካርቶኑ አልብሶ፣ እሱ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋቢህን ለወረቀት አለበስከው?» አለች ብርቅዬ።

«እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ። ወረቀት ከረጠበ ግን አለቀለት አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«ሹፌሩ።»

«ሹፌር ስለ ወረቀት ምን ያውቃል! አባቴ ቆዳውን ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያሳድረው ነበር። ጠዋት ብረቱን ሲያሳርፍበት እሺ ይላል። ወረቀትም እንደዚያው ነው፤ በልኩ የረጠበ ወረቀት አይከራከርም።»

«እንግዲያ እኔንም ዛሬ የፈለግሽውን ብታደርጊኝ አልከራከርም» አለ ምስጋኑ ውሃውን ከፊቱ እየጠረገ።

ሳቀች። ወዲያው ደግሞ በመሳቋ ተቆጣችና ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ሳቋን አይቶት ነበር፤ በቅሎዎቹን መለሰና ራሱ ቀረ።

ማኅበሩ ተሸካሚም አናጢም አደረገው። ጠረጴዛ ሲጠግን ዓይኑ ከመዶሻው ይልቅ ከእሷ ጋር ነበርና የአውራ ጣቱ ጥፍር ሁለቴ ወለቀ። እሷ ጣቱን በጨርቅ ስታስር ሌሎቹ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩአቸዋል። በጥቅምት ሽማግሌ ተላከ፤ እናቷ እንደ ወጉ ሁለቴ መልሰው በሦስተኛው እሺ አሉ። ሠርጉ ፋሲካ ሲፈታ ሊሆን ተቆረጠ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ፋሲካ ሳይደርስ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰሞን መጡ። አንደኛው ብሔራዊ ውትድርና ነው። ሁለተኛው ለሙከራ ከደሴ የተላኩ ሁለት ማተሚያዎች ናቸው፤ ማኅበሩ አንዱን መርጦ ሌላውን መመለስ ነበረበት።

አንዱ ባለ መዘውር ነው። ወረቀቱ በሁለት ድቡልቡል ብረቶች መሐል ያልፋል፤ ቀላል ነው፣ ልጃገረድ በአንድ እጇ ታዞረዋለች። ሌላው ባለ ብሎን ነው። ከላይ ረጅም ክንድ አለው፤ ክንዱ ሲገፋ ብሎኑ ይወርድና ቅርጹን ወረቀቱ ላይ ይጭናል። እሱን መሬት ለማውረድ እንኳ የሰፈር ወንድ ተጠራርቷል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ደባሱ ሁለቱንም ዞር ዞር ብሎ አያቸውና ሴቶቹን ሰበሰበ።

«መመሪያው እንዲህ ይላል» አለ። «ያለ ወንድ ጉልበት የማይሠራ መሣሪያ ያለው ማኅበር አንድ ወንድ ከዘመቻው ያስቀራል። ሴት የምትሠራበት ከሆነ አያስቀርም። ከቀበሌያችን የጎደለው አንድ ሰው ነው። ምስጋኑ ከቀረ የአሰለች ልጅ ገብረ ሊባኖስ ይሄዳል። እንግዲህ ሥራውን የምታውቀው ብርቅዬ ናት፤ ረቡዕ አስሞክራ ትምረጥ።»

ይህን ሲናገር አሰለች ከብርቅዬ ጎን ተቀምጣ ወረቀት ትቆርጥ ነበር። ባሏን ድርቁ የወሰደባት፣ አንድ ልጅ ብቻ የቀራት ሴት ናት። መቀሷን አላቆመችም፤ ቀና ብላም ማንንም አላየች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ምስጋኑ የባለ ብሎኑን ክንድ በቅባት እየወለወለ «የትኛውን ትመርጫለሽ?» አላት።

«አንተን የሚያስቀርልኝን።»

«የአሰለች ልጅስ?»

«አትጠይቀኝ» አለችው። «ክፉ ከሆንኩ ክፉ ልሁን። አንተን አልሰጥም።»

ምስጋኑ ሊነካት እጁን አነሳና መልሶ አወረደው፤ ሰሙነ ሕማማት ነበር። በሕማማት ሰው ከሰው አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም። ጌታ በመሳም ነው የተሸጠው።

አመሻሹ ላይ ብርቅዬ የነገውን ወረቀት አሰናዳች። ባለ ብሎኑ እንዲመረጥ ካርዱ ከባለ መዘውሩ አምሮ መውጣት አለበት ብላ አሰበች። ስለዚህ አባቷ እንዳስተማሯት ሁሉንም የወረቀት ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ድንጋይ ጫነችበት። የእጅ አመል ሆነና ሌላውን ነገር አላሰበችውም።

ረቡዕ መጀመሪያ ባለ መዘውሩ ተሞከረ። እርጥቡን ወረቀት ስቦ አጣመመው፤ የመስቀሉ ሐረግ ተንጋደደ። ከዚያ ምስጋኑ የባለ ብሎኑን ክንድ ገፋ። የወጣውን ካርድ ሴቶቹ እየተቀባበሉ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ያዙ።

«ማማሩንስ አማረ» አለ ደባሱ። «ሴት ትገፋዋለች ወይ?»

ብርቅዬ ቀረበች። ክንዱን ያዘች፣ ቃተተች፣ ፊቷን አጨማደደች። ክንዱ ንቅንቅ አላለም፤ እንዲነቃነቅም አልፈለገችም።

«እንግዲያ ወንድ ያስፈልገዋል» አለ ደባሱ የመመሪያውን ወረቀት እያጠፈ። የምስጋኑ ትከሻ ሲላላ ብርቅዬ አየች። በዚያች ቅጽበት ሠርጓም፣ ቤቷም፣ ያልወለደቻቸው ልጆችም ታዩዋት።

«እኔ ልሞክር» አለች አሰለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። መዳፎቿን እንትፍ አለችባቸው። ከእርጥቡ ክምር አንድ ቅጠል አንስታ ቅርጹ ላይ አነጠፈች።

ብርቅዬ አሁን ነው የገባት። «እትዬ አሰለች፣ ከእሱ አይደለም፣ ከካርቶኑ ውስጥ…»

አሰለች አልሰማቻትም። ደረቷን፣ ሆዷን፣ የመበለትነት ዓመቶቿን ሁሉ ክንዱ ላይ ጫነች። አንዲት ቃል ብቻ ስትል ተሰማች፤ የልጇን ስም። ብሎኑ እየጮኸ ወረደ።

ደባሱ ካርዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። መስቀሉ ምንም አልጎደለውም።

«ይሄን ያተመችው ሴት ናት» አለ።

«ወረቀቱ ስለረጠበ ነው!» ብርቅዬ ጮኸች። «ጓድ ደባሱ፣ እኔ ነኝ ያረጠብኩት! ደረቅ ቢሆን አትችልም! በደረቅ ይሞከር!»

«ታዲያ አርጥባችሁ ሥሩ» አለ ደባሱ። «ባለ ብሎኑ ተመርጧል። ምስጋኑ ይዘምታል።»

አሰለች ግድግዳውን ይዛ ታለቅስ ነበር። ምስጋኑ ካርዱን ተቀብሎ በታሰረው አውራ ጣቱ መስቀሉን ዳሰሰው።

«አምሯል» አለ። ብርቅዬን አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር።

ቀጥሎ ያለው ቀን ጸሎተ ሐሙስ ነው። አንዳንድ ሰዎች ቢያንስ ስቅለትን አሳልፋችሁ ውሰዷቸው ብለው ደባሱን ለምነው ነበር። «አብዮት ሕማማት የለውም» አላቸው። ልጆቹን የሚወስደው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ፤ እናቶች ዙሪያውን ከበቡት። ምስጋኑ ያን ዝናብ የጠጣ ጋቢውን ለብሶ ብርቅዬ ጋ መጣና ሕዝቡ መሐል፣ ካህናቱም ባሉበት፣ እጁን ዘረጋላት።

እጇ ወደ ኋላ ሸሸ።

እሷ አላዘዘችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ የተገራ እጅ ነው፤ ወረቀቱን ያረጠበውም እሱ ነው።

«ሕማማት ነው እኮ» አለች።

«እውነትሽን ነው፣ ረሳሁት።» አልረሳም። እጁን ጋቢው ውስጥ መለሰ። «ለትንሣኤ ትሰጭኛለሽ።»

«ለትንሣኤ» አለች።

መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ወጉም፣ ካህናቱም፣ ጌታም ጠፏት። እየሮጠች እጇን ዘረጋች። አቧራ ብቻ ጨበጠች።

ምስጋኑ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገራት የለም። ጎረቤቶቿ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይሏት ነበር። ድግሱን ግን እነሱም አላዩትም። ገብረ ሊባኖስንም ቢሆን አሰለች ያተረፈችው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ዙር ያው መኪና መጥቶ ወሰደው።

ያ ሁሉ ግን በኋላ ነው። በዚያ ትንሣኤ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲሳሳም አሰለች የብርቅዬ በር ላይ ቆመች። መግባትም መመለስም አቃታት።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አለች በቀጭን ድምፅ።

ብርቅዬ ልትተፋባት ፈልጋ ነበር። ግን በዓል ነው፤ በትንሣኤ ጠዋት የተዘረጋ እጅ አይመለስም። ለምስጋኑ የነፈገችውን እጅ ለአሰለች ሰጠቻት፤ ጉንጯንም ሳመቻት።

በዓሉ ሲያልፍ ሁለቱም ሥራ ገቡ። ብርቅዬ ወረቀቱን አረጠበች፤ አሰለች ክንዱን ገፋች።