አሥራ አራተኛዋ አይጥ

«ይኸው! ስጠብቀው የነበረው ይሄ ነው» አለች ተመራማሪዋ ዪልቫ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ እያሳየች። «አሥራ አራተኛዋን አይጥ እያት፣ ቱቫ። ያለ እሷ ልዩነቱ ይህን ያህል አይታይም ነበር።»

ቱቫ አየችና ማክሰኞ ያደረገችው ትዝ አላት።

ትምህርት ቤቷ ለአንድ ሳምንት ሥራ እንድትለማመድ ኡፕሳላ ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪ ሲልካት፣ ሳይንስ ልትሠራ መስሏት ነበር። የሠራችው ግን ብልቃጥ ማጠብ ነው። ዕቃ ማጠብማ ቤቷስ መች ጠፋ!

አይጦቹ አንጎላቸው ውስጥ ፀጉር የምታክል ሽቦ ገብታላቸዋለች። የሙከራ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር በሽቦዋ በኩል ደስታ ይሰማቸዋል፤ ምግባቸውን ትተው ሲጫኑ ይውላሉ። ዪልቫ ሁለት ዓመት የለፋችው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ እንዲህ እየተደሰቱም ደማቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል ወይ? አይጧን መነካት ብቻውን ስለሚያስጨንቃት፣ ሳጥን ከመግባቷ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም እንዳይነካት ታዛለች።

ማክሰኞ ግን ቱቫ የአይጦቹን ቤት ስታጸዳ አሥራ አራተኛዋ አመለጠቻት። ቁም ሳጥን ለቁም ሳጥን አሥር ደቂቃ በመጥረጊያ አሯሯጠቻት። ልክ ስትይዛት ከኮሪደሩ «ፊካ!» ተባለ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ለቡናና ለቀረፋ ዳቦ ያልተቀመጠ ሰው እዚህ እንደ ኩሩ ነው የሚታየው። ቱቫ አንድ ሰዓቱን ሳትጠብቅ የሙከራ ሳጥኑ ውስጥ ከተተቻትና ሮጠች። ከፊካ በኋላ ዪልቫ ደም ቀዳች። ማንም አልጠየቀም፣ ቱቫም ዝም አለች።

አሁን ደግሞ ዪልቫ የልምምድ ቅጿን እየሞላችላት ነው። «ጥንቁቅ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ከሥሩ አሰመረችበት። ሳምንቱን ሙሉ ጎበዝ ያላት አልነበረም፤ ሲሏት ደግሞ በዚህ! ቱቫ ተናደደች፤ በአይጧ፣ በፊካው፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። ከሰዓት በኋላ ዪልቫ ውጤቷን ለማቅረብ ይህን ቁጥር ይዛ ሰው ፊት ልትቆም ነው።

«ፊካ!» አለ አይጦቹን የሚቀልበው ሽማግሌ፣ ዮራን።

ቱቫ ሙከራው በየቀኑ የሚመዘገብበትን ደብተር ከመደርደሪያው አንስታ፣ ቅጿንም ይዛ ሄደች። ዮራን ዳቦውን እየቆረሰ ሙድ ያዘባት። «አንቺ ፕሮፌሰር፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሥራ አይወራም፤ አታውቂም?»

«አላወራም» አለችና እስክሪብቶ ለመነችው።

የማክሰኞን ገጽ ገልጣ ከአሥራ አራት ቁጥር ጎን ጻፈች፤ «ሳጥን ከመግባቷ በፊት አምልጣ ነበር። አሥር ደቂቃ አሳድጃታለሁ። ቱቫ።»

ከዚያ ደብተሩን እንደተገለጠ፣ ቅጿን ከላዩ አድርጋ፣ በዳቦዎቹ መሀል ፊት ለፊቷ ወደተቀመጠችው ዪልቫ ገፋችው።