ሦስተኛው ማማ ላይ የተሰቀለው ጀሪካን

ኢንስፔክተር ስርጉት ከአሞራ ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ ሁለት ሰዎች ይጠብቋት ነበር፤ አንዱ ሞቶ፣ ሌላው ታስሮ።

የሞተው ትዕዛዙ ነው። ከሦስተኛው ማማ ሥር፣ ሠላሳ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ከሸሕዲ ከተማ ወጣ ብሎ ለሚገኘው ለዚህ ገደል የእግር መንገድ ጠርጎለት፣ አፋፉ ላይ ሦስት የእንጨት ማማ ሠርቶ፣ ገደሉን ቁልቁል የሚያዩ ጎብኚዎችን ከጎንደር ማምጣት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነበር። የታሰረው አንዱአምላክ ይባላል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ። ክንዱን የኋሊት ጠፍረው ከግራር ግንድ ጋር አስረውታል። በግራሩ ቀኝ የአካባቢው ገበሬ ዱላና ጠመንጃ ይዞ ቆሟል፤ በግራው አርባ የሚሆኑ አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ከሁለቱም ወገን የባሰ ቁጡ ነበር።

«እናንተ ሰዎች፣ ፍርድ ቤት የከፈታችሁት መቼ ነው?» አለች ስርጉት ላቧን በክንዷ እየጠረገች። ወፍራም ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ስታመር ግን ሁለቱንም ትረሳዋለች።

«አንቺ መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ» አሏት አዛናው። የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ከገደሉ ጋር የሚዋሰነው የሰሊጥ እርሻ የእሳቸው ነው። «ገዳዩ ይኸው፣ ታይቷል። ኸላስ፣ አለቀ! ሬሳውን አንሺና ሰውየውን ለእኛ ተይልን።»

«ብተወው ምን ልታደርጉት?»

የአዛናው ዓይን ወደ ገደሉ ሄደ። ስርጉት በዚሁ ቆላ የኮኪት መንደር ገበሬ ልጅ ናት፤ ይህን ዓይነት አስተያየት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዛሬ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እውነቱን ካላገኘች፣ ከገደሉ የምታወጣው ሬሳ ሁለት እንደሚሆን ገባት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማጭድና ጠመንጃ ይነጋገራሉ።

«እንግዲያው ስሙኝ። እኔ አይቼ ሳልጨርስ ይህን ሰው የነካ ቢኖር፣ ቀድሜ የማስረው እሱን ነው።»

ኮንስታብል ኸሊፋን በገመድ ወደ ሬሳው አወረደችና እሷ ማማውን መመርመር ያዘች። የማማው አጥር ወገብ ይደርሳል፤ አንድም እንጨት አልተሰበረም። ከማማው ጀርባ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ። ከግንዱ ላይ በምሥራቅ በኩል፣ ቁርጥ ቅርንጫፍ ላይ፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ተሰቅሏል፤ የቆላ ሰው እንደሚያደርገው በጆንያ ተጠቅልሏል። ጆንያውን የሚያርሱት ነፋሱ ውሃውን እንዲያቀዘቅዘው ነው። ይህኛው ግን ፀሐይ ፊት ለፊት እየጠበሰው ጆንያው እንደ ቅጠል ተንኮሻኩሿል። ስርጉት አወረደችው፤ ጥቂት የጎደለው ሙሉ ነው። መዳፏ ላይ አፈሰሰች። ውሃው ትኩስ ነው፤ ጥርት ያለ የቦኖ ውሃ። መልሳ እንደነበረው ሰቀለችው።

«የማን ነው?»

«የትዕዛዙ ነው» አለ ከኋላዋ የቆመ ሰው። ስሙ እንዳለው ነው፣ ከሟቹ ጋር ጎብኚ የሚያስጎበኘው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ነፍሰ ገዳዩን ያየኸው አንተ ነህ አሉ?»

«እኔ ነኝ። ገና ሲነጋጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፣ መግቢያው በር ላይ ነበርሁ። ትዕዛዙ ከጥበቃ ጎጆው ወጥቶ ወደዚህ መጣ። ጀሪካኑን አንጠልጥሏል፤ ጆንያው ይንጠባጠብ ነበር። ይኸ ጎጃሜ ከሰሊጡ መሃል ብቅ አለና ተከተለው። ከዚያ የትዕዛዙ ሚስት አየሁሽ መጣች፤ ሁለት እንግዶችም መጡ። እንግዶቹን ከማማ ማማ እያዞርሁ እዚህ ስንደርስ አሞራው ሲዞር አየን።»

«ትናንትስ ከትዕዛዙ ጋር የተለያያችሁ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ጠዋት በሩቁ ነው ያየሁት። እንደ ወንድሜ ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

«እግዜር ያጥናህ። ባጅህን ግን አላደረግህም፤ አስጎብኚ ያለ ባጅ ይሠራል እንዴ?»

እጁ ወደ ደረቱ ሄደና ባዶውን ተመለሰ። «ቤት ረሳሁት።»

ኸሊፋ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወጣ። «ሬሳው እንደ ግንድ ደርቋል» አለ። «ከኪሱ ስልክ፣ ቁልፍና ይኸን የአስጎብኚ ባጅ አገኘሁ። ማንገቻው ተበጥሷል።» ስርጉት ባጁ ላይ ያለውን ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ አየችና ኪሷ ከተተችው።

አየሁሽ በሩ አጠገብ፣ ለጎብኚዎች ሻይ በምትሸጥበት ዳስ ሥር ነጠላዋን አገልድማ ተቀምጣለች። ስርጉትን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ባሌን ከፀሐይ አንሱልኝና ከዚያ ጠይቂኝ። እኔን ከማድረቅ ያንን የታሰረውን አትጠይቂም?»

«እሱንም እጠይቃለሁ። ትዕዛዙ ማታ ቤት አልገባም?»

«በእንግዳ ሰሞን ጎጆው ውስጥ ነው የሚያድር። አልገባም ብዬ ምን ብዬ ልጠርጥር?»

«ዛሬ ጠዋት ሻይ እንኳ አልቀመሰም ማለት ነው።»

«በምን ውሃ!» ብላ ገነፈለች። «ከቦኖ ውሃ የሚያመላልስልን አህያ ነጂ ከቀረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት የበርሜሉን እንጥፍጣፊ ለትዕዛዙ ጀሪካን ቀዳሁለት፤ ጆንያውንም አራስሁለትና በርሜሉን ደፋሁት። ጠዋት እንግዶቹ ሻይ ቢሉኝ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።»

«ያኔ እንዳለው እዚህ ነበር?»

«ቀደም ብሎ ስምንት ሰዓት ላይ እንግዶች ይዞ ሄዷል፤ ያን ባጁን ደረቱ ላይ እያወዛወዘ። እኔ ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄጄ እስከ ሦስት ሰዓት አመሸሁ። የሰፈሩን ሰው ጠይቂ፤ ሌላ የምልሽ የለኝም።»

ስርጉት ወደ አዛናው ተመለሰች። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ናቸው።

«ትዕዛዙን እርስዎም አይወዱትም ነበር ይባላል።»

«ማን ይወደዋል? ሴቶቻችን ገላቸውን የሚታጠቡበትን ወንዝ ለመንገደኛ በመነጽር የሚያሳይ! እንዳለውም ያው ነው። መንገዱን ማር ሲቆርጥ ያገኘው እንዳለው ነው፤ ትዕዛዙ ግን በሩ ላይ ባቆመው ሰሌዳ ‹በእኔ የተገኘ› ብሎ የራሱን ስም ጻፈ። ሌባ ከሌባ ቢሰራረቅ እኔን ምን አገባኝ?»

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?»

«ሰውየው የሞተ ዛሬ፣ አንቺ የምትጠይቂ ትናንትን!»

«አመሌ ነው፤ ነገር ከሥሩ ካልጀመርሁ አይገባኝም።»

«ጀንበር እስክትጠልቅ ሰሊጤ ላይ ቆሜ ሳሳጭድ ነበር። ይኸም የታሰረው ውሻ ከፊቴ ነበር፤ አንዴ እንኳ ቀና አላለም። ማጨዱን እንደሆን ያውቅበታል።»

አንዱአምላክ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ስርጉት በገዛ እጇ ከኮዳዋ ውሃ አጠጣችው፤ ከገበሬው በኩል ማጉረምረም ተነሣ።

«ጧት ወንዝ ወርጄ ውሃ ቀድቻለሁ፤ ሰው አላየሁም» አላት። «ከሦስት ቀን በፊት ትዕዛዙ በዚህ መንገድ እንዳታልፉ፣ ጎብኚ ደስ አይለውም ብሎ ጀሪካናችንን በቢላ ቀደደው። ተሰዳድበናል፤ አልክድም። ሰው ግን አልገደልሁ። እናቴ ትሙት!»

«ለመሆኑ ሥራ ስትገባ ውሃህን የት ትሰቅለዋለህ?»

በፍርሃቱ መሃል ግራ ተጋብቶ አያት። «ለምን ብዬ እሰቅለዋለሁ? እኛ አገር ውሃ መሬት ነው የሚቀመጥ።»

አምስት ሰዓት ላይ ስርጉት ሁሉንም ሦስተኛው ማማ ላይ ሰበሰበቻቸው። አዛናው፣ አየሁሽ፣ እንዳለውና ከግራሩ ተላቅቆ ክንዱ ግን እንደታሰረ የቀረው አንዱአምላክ ከፊት ቆሙ፤ ገበሬውና አጫጁ ከኋላ እየተጋፋ ከበባቸው። አንድ ሰው ድንጋይ ማንሣቱን ኸሊፋ አይቶ አስጣለው።

«አቶ አዛናው» አለች ስርጉት፣ «ጠዋት እርሻ ሲገቡ ውሃዎን ከዛፉ በየት በኩል ይሰቅሉታል?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው? በምዕራብ በኩል ነዋ! ጠዋት ጥላው እዚያ አይደል?»

«ወደ ማታስ?»

«በምሥራቅ። ይህን የማያውቅ የቆላ ልጅ አለ?»

«የለም። ያንን ጀሪካን እስቲ እዩት።»

ሁሉም ዞረ። ጀሪካኑ በምሥራቁ በኩል ፀሐይ ላይ ተንጠልጥሏል። ማጉረምረሙ ቀነሰ፤ እዚያ ከቆሙት ገበሬዎች ውሃውን ጠዋት ፀሐይ ላይ የሚሰቅል አንድም ሰው አልነበረም።

«ትዕዛዙ እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ነው። ይህን ውሃ ሲሰቅለው ጥላው በምሥራቅ ነበር። ስለዚህ የሰቀለው ዛሬ ጠዋት አይደለም፤ ትናንት ወደ ማታ ነው።»

«ሰቅሎት አድሮስ እንደሆነ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በርሜሉ ባዶ፣ አህያ ነጂው ቀርቶ፣ በዚህ በረሃ ሙሉ ጀሪካኑን ጥሎ ጎጆው የሚያድር ሰው ታውቃለህ?» አለችው ወደ እሱ ዞራ። «ውሃው ሳይጠጣ፣ ሳይወርድ ያደረው ባለቤቱ ስለሞተ ነው። ትዕዛዙ የሞተው ትናንት ጀንበር ሳትጠልቅ ነው። እንግዲህ ትናንት ማን የት ነበር? አየሁሽ ለቅሶ ቤት ነበረች፤ አብረዋት የነበሩት እዚህ ቆመዋል። አቶ አዛናው ከአርባ አጫጅ ፊት ነበሩ። አንዱአምላክ ደግሞ ከአቶ አዛናው ዓይን ሥር ነበር። አቶ አዛናው፣ የዚህ ሰው ምስክር እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎም ምስክር እሱ ነው።»

አዛናው ወደ ታሰረው ሰው ዞሩ።

«የሚቀረኝ አንድ ሰው ነው» አለች ስርጉት። «የሞተ ሰው ዛሬ ጠዋት ሲሄድ ያየ ሰው።»

እንዳለው ወደ ኋላ ሊል ሲል ኸሊፋ ከጀርባው ቆሞ ነበር። «ከሩቅ ነው ያየሁት ብያለሁ» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «ሌላ ሰው ይሆናል።»

«ጆንያው ሲንጠባጠብ ያየህበት ዓይን ፊቱን አላየም? በየትኛው ውሃ ነው የራሰው? በርሜሉ ከትናንት ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ባዶ ነው፤ ያኔ ደግሞ አንተ እንግዶች ይዘህ ሄደህ ነበር። ጠዋት ሻይ እንደሌለ ሰምተሃል፤ ጆንያስ በምን ይርሳል ብለህ ግን አላሰብህም። የቆላ ሰው ጠዋት ሲወጣ ጆንያው መንጠባጠቡን ስለለመድህ አፍህ ልማዱን ተናገረ። ከወንዝ ቀድቶ ነው እንዳትለኝ፤ ያ ጀሪካን የያዘው የቦኖ ውሃ ነው።»

ከዚያ ባጁን ከኪሷ አወጣች። ፎቶው የእንዳለው ነበር።

«ቤት ረሳሁት ያልኸው ባጅ ከትዕዛዙ ኪስ ምን ያደርጋል? ትናንት ስምንት ሰዓት ደረትህ ላይ ነበር፤ አየሁሽ አይታዋለች። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም ያልኸው አንተ ነህ። ሰው ውሃውን የሚሰቅለው ቁጭ ብሎ ሊያወራ ሲያስብ ነው፤ ከጠላቱ ጋር አይቀመጥም። ትዕዛዙ አንተን አልፈራህም።»

እንዳለው መጀመሪያ ወደ አየሁሽ፣ ቀጥሎ ወደ ገደሉ አየ።

«መንገዱ የእኔ ነው» አለ። «በእጄ ድንጋዩን እየነቀልሁ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሙን ጻፈበት፤ ዝም አልሁ። ትናንት ደግሞ አጥሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ አለኝ። ባጄን ከአንገቴ በጠሰው፤ እየሳቀ ኪሱ ከተተው። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ጠዋት አብረኸኝ አለቀስህ» አለችው አየሁሽ። አልጮኸችም። «እጄን ይዘህ አለቀስህ።»

ኸሊፋ ለእንዳለው ካቴናውን አጠለቀለት። ገበሬው አሁን በእሱ ላይ ሊነሣ ሲከጅል፣ ስርጉት መንገዱ ላይ ገትር ብላ ቆመች።

«በቃችሁ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዘመዳችሁን መጠየቅ ከበዳችሁና አገር የሌለውን ጠፈራችሁ። ይህን ሰው ማን ነው ያሰረው? ያሰረው ይፍታው።»

አዛናው ቀረብ አሉ። ገመዱ ጠብቆ ነበር፤ ለመፍታት ረዥም ጊዜ ፈጀባቸው። አንዱአምላክ ክንዱን ወደ ፊት ሲያመጣው ከሕመሙ የተነሣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ሰው ይሳሳታል፣ ልጄ» አሉት አዛናው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰሊጡ አፉን ከፍቶ ሊረግፍብኝ ነው፤ ዛሬና ነገ ካልታጨደ አለቀልኝ። በግ አርዳለሁ። ግቡልኝ።»

«ስሜን ያውቁታል?» አለ አንዱአምላክ።

አዛናው ዞር ብለው ከሰው ፊት ላይ ስሙን ፈለጉት። ስርጉት ቅድም በሁሉም ፊት ጠርታዋለች፤ እሳቸው ግን አልሰሙትም።

«ሦስት ሳምንት አጨድሁልዎ፤ አልጠየቁኝም። ሊገድሉኝ ሲያስሩኝም አልጠየቁኝም።» መሬት የወደቀ ማጭዱን አነሣ። «ሰሊጡ ይርገፍልዎ፣ ጌታዬ።»

አንድም አጫጅ ወደ እርሻው አልተመለሰም። አርባው ተከትሎት በሸሕዲ መንገድ ወረደ፤ አዛናው ከኋላ እየጮኹ ሰውየውን በስሙ ሊጠሩት ሞከሩ፤ የጠሩት ግን የሌላ ሰው ስም ነበር።