የእማማ በለጡ ቋጠሮ

እማማ በለጡ ከሕፃናት መዋያው ጓሮ ወደ ታች በሚወስደው የድንጋይ ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ነጠላቸው ትከሻው ላይ ተቀዶ ወገባቸው ሥር ተጠቅልሏል፤ አንድ ጫማቸው መሐል ደረጃ ላይ ቀርቷል። መቶ አለቃ ፀዳለ አስከሬኑን ለማየት ጎንበስ ከማለቷ ከላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ቀና አለች። ዩኒፎርም የለበሰች የስምንት ዓመት ልጅ ደረጃው አናት ላይ ቆማለች። ጉንጯ ላይ የጣት ሰንበር ቀልቷል። ከኋላዋ የመዋያው ኃላፊ ጓድ ፀሐዬ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፏል።

«ሰሙ አይደል ጓድ መቶ አለቃ? ሣራ ራሷ አምናለች።»

ፀዳለ ደሟ ፈላ። አሥራ አራት ዓመት በፖሊስነት ስትሠራ ብዙ ሰው ሲያምን ሰምታለች፤ በጥፊ የወጣ የሕፃን ቃል እንደ ማስረጃ ሲቀርብላት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እጅዎን ከልጅቷ ላይ ያንሱ» አለችው።

ጊዜው 1978 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነው። መዋያው ከየካ ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለ የተወረሰ ቪላ ነው። ቀበሌው ልጆችን ከትምህርት ቤት መልስ ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪወጡ እዚያ ያቆያል። ሞግዚቷ እማማ በለጡ፣ ወጥ ቤቷ አሳየች፣ ዘበኛው ደግሞ አባባ ኢታና ናቸው። በእነሱ ላይ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ፀሐዬ ተሹሟል።

ጓድ ፀሐዬ መቶ አለቃዋን ቢሮው አስገብቶ ነገሩን አስረዳ።

«ጥፋቱ የአንድ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ጌም ነው። ሣራ ዛሬ ከቤቷ ይዛው መጣች። አሮጊቷ ሊቀሟት ሲሉ በጓሮ በኩል ሮጠች፤ ሲያባርሯት ወደቁ። በዚህ መስኮት አይቻለሁ።»

«ጌሙስ የት አለ?»

«ደብቃዋለች። ቦርሳዋን በርብሬ አጣሁት። አንድ ሁለቴ ብመታትም አልናገር አለች።»

«ከዛሬ በፊት አይተውት ያውቃሉ?»

«ነክቼውም አላውቅ! የቡርዧ ልጅ መጫወቻ ነው።» የእጅ ሰዓቱን አይቶ ብድግ አለ። «ብንፋጠን ጥሩ ነው። እኔ ሰዓቴን ሰባት ደቂቃ አስቀድሜ ነው የምሞላው፤ ስብሰባ አርፍጄ አላውቅም።»

አባባ ኢታና በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሲወድቁ አይተዋል አባባ?»

«እኔ በር ነው የምጠብቅ፣ ልጄ። ዝም አይነቅዝም።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወደ ጓሮው ሄዶ ተመለሰ።

አሳየች ማድ ቤት ውስጥ ኩባያ ታጥባለች።

«ሣራ ያን ጊዜ የት ነበረች?»

«እኔ ጋ ዳቦ...» ብላ ጀመረችና ጓድ ፀሐዬ በበሩ ሲያልፍ ቃሏን ዋጠችው። «አላስተዋልኩም። ሻይ ላይ ነበርኩ።»

ፀዳለ አልተቆጣቻትም። የፈራ ሰው ሲዋሽ ያሳዝናል፤ የሚያናድደው አስፈራሪው ነው። እርሱ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እያፏጨ ይንሸራሸራል።

ሣራን ለብቻዋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ጌሙ የማን ነው፣ የኔ ልጅ?»

«የእኔ። አባቴ ነው ከታሽከንት የላከልኝ፤ እዚያ ይማራል። ዝንጀሮዋ ከዛፍ የሚወድቅ ፍሬ ትቀልባለች። ሰዓትም አለው። አባቴ የእሱን አገር ሰዓት ሞልቶልኛል፣ መቼ እንደሚተኛ እንዳውቅ።»

«ዛሬ ይዘሽው መጣሽ?»

«አይ! ከገና በፊት ነው ጓድ ፀሐዬ የወሰዱብኝ። ቢሯቸው ውስጥ ተራ በተራ አምስት አምስት ደቂቃ ያጫውቱናል። የሚጠይቁንን ስንመልስላቸው።»

«ምንድን ነው የሚጠይቋችሁ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው አልኩ አይደል!» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ፀዳለ ወደ ደረጃው ተመለሰች። ወንድ ሲፈትሽ ቦርሳና ኪስ ነው የሚያየው። እርሷ ግን ቁልፉንም ሳንቲሙንም በነጠላ ጫፍ የምትቋጥር እናት ያሳደገቻት ናት። አስከሬኑን በቀስታ ገለበጠችና ከወገቡ ሥር የነጠላውን ጫፍ አወጣች። ድርብ ቋጠሮ ነው። ስትፈታው ጌሙን አገኘችው። የመስታወቱን ቁጥር ከራሷ ሰዓት ጋር አስተያየች፤ ከዚያ የተቀደደውን ትከሻ አየች። ከአረንጓዴው ጥለት ክሩ ተመዞ ወጥቷል።

የሣራ አክስት አስቴር ልጅቷን ልትወስድ ከሥራ ስትደርስ፣ ፀዳለ ሁሉንም የልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበች። አብሯት የመጣው አሥር አለቃ ሊጽፍ ተቀመጠ።

«ጓድ ፀሐዬ፣ እማማ በለጡ ጌሙን ሊቀሙ ልጅቷን ሲያባርሩ ወደቁ ነው ያሉኝ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጌሙን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጓድ ፀሐዬ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ነጠላቸው ውስጥ፣ በድርብ ቋጠሮ ታስሮ ነው ያገኘሁት። እየሮጠ ድርብ ቋጠሮ የሚቋጥር ሰው እኔ አላውቅም። ደግሞስ የያዙትን ዕቃ ሊቀሙ ማንን ያባርራሉ? እማማ በለጡ ጌሙን ይዘው ረጋ ብለው መንገድ ጀምረው ነበር። አስቴር፣ ያ ደረጃ የት ያወርዳል?»

«እኛ በር ላይ» አለች አስቴር።

«ታዲያ ጌሙን ከየት አገኙት? ጓድ ፀሐዬ ነክቼው አላውቅም ብለዋል። ሣራ፣ አባትሽ የሞላልሽ ሰዓት አሁን ስንት ማለት አለበት?»

ልጅቷ ጌሙን አየች። «ሃያ ምናምን፤ እዚያ አሁን መሽቷል። ይሄ የአባቴ ሰዓት አይደለም።»

«አይደለም። አንድ ሰው ወደ እኛ ሰዓት ለውጦታል። ልጆቹን አምስት አምስት ደቂቃ እየለካ ለማጫወት ይመቸዋል። አስቴር፣ ቁጥሩን ያንብቡልን።»

«አሥራ አንድ... ሃምሳ ሰባት።»

«የእኔ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ነው የሚለው። የእርስዎስ ጓድ?»

ፀዳለ ክንዱን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። የሰዓቱ መርፌ ለአሥራ ሁለት ሦስት ጉዳይ ላይ ነው።

«ሰባት ደቂቃ የሚቀድመው የእርስዎ ሰዓትና የዚህ ጌም ሰዓት ብቻ ናቸው። ከእጅዎ አይተው ነው የሞሉት።» ክንዱን ግን አልለቀቀችም። ከሰዓቱ የብረት ማሰሪያ መጋጠሚያ ውስጥ በጥፍሯ አንድ አረንጓዴ ክር መዘዘች። «ይህ ደግሞ የእማማ በለጡ ጥለት ነው። እሳቸው ከቢሮዎ የወሰዱትን ጌም እርስዎ ሊያስመልሱ ነጠላቸውን ያዙ። አልሰጥም ሲሉ ገፈተሯቸው። ቋጠሮውን ሳያገኙ ሰው መጣብዎት፤ ከዚያ በስምንት ዓመት ልጅ አሳበቡ! አያፍሩም?»

«አይቻለሁ!» አሉ አባባ ኢታና ድንገት። እያለቀሱ ነበር። «ሲገፏቸው አይቻለሁ። ፈርቼ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ሣራም እኔ ጋ ዳቦ ትበላ ነበር» አለች አሳየች።

ጓድ ፀሐዬ ክንዱን መንጭቆ ጮኸ። «እኔ ፀረ ሕዝቦችን እያጋለጥኩ ነበር! ወላጆቻቸው ቤት ምን እንደሚደረግ ከልጆቹ ሰምቻለሁ፤ ሁሉንም እናገራለሁ!»

«ይናገራሉ። መጀመሪያ ግን ስለ ደረጃው» አለችና ካቴናውን ቆለፈችበት። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሣራ ከአግዳሚው አልተነሳችም።

«እኔ ነኝ እኮ» አለች። «ማታ ማታ ቤታችን ሰዎች እየመጡ እንደሚዘምሩ ለጓድ ፀሐዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ፈራሁና ዛሬ ለእማማ በለጡ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው አይሞቱም ነበር።»

በዚያ ጊዜ ጴንጤዎች ቤት ዘግተው መዘመራቸው ወኅኒ ያስወርዳቸው ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ በፖሊስ ፊት ነው የተናገረችው። አስቴር ተንበርክካ የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«እውነት ነው የተናገርሽው። እንዘምራለን።» ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «እማማ በለጡ የእኛን መዝሙር አይወዱትም ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። ዛሬ ግን ጌምሽን ሊመልሱልሽ፣ ተጠንቀቁም ሊሉን ወደ እኛ እየመጡ ነው የሞቱት። የገደላቸው የገፋቸው ሰው ነው፣ ሰማሽኝ? አንቺ አይደለሽም።»

ሣራ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።

አሥር አለቃው እስክሪብቶውን አነሳ። «ይሄም ይጻፍ፣ መቶ አለቃ?»

«ልጅቷ ምንም አላጠፋችም ብለህ ጻፍ» አለች ፀዳለ። «ሌላ የሰማሁት የለም።»