የግንቡ ሆድ

«ምቺ እንጂ! ዝንብ ነው እንዴ የምታባርሪው?»

ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ቆሟል። ልጆቹ ያወጡለት ስም ነው፤ የቦክስ አሠልጣኛቸው ነው። ልምምድ ሲያልቅ ልጆቹ ተራ በተራ ሆዱን በቡጢ ነርተውት ነው ወደ ቤት የሚሄዱት፤ እሱ እቴ፣ ይስቃል! የዛሬዋ የመጨረሻ መቺ ተርብ የሚሏት ልጅ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ግን እንደ ስሟ ይናደፋል።

ዷ!

ግንቡ አልሳቀም። በጉልበቱ ወደቀና ደም አስመለሰው። ሲሚንቶው ቀላ።

«ገደልሽው!» አለ በሬው፣ ከልጆቹ ሁሉ ግዙፉ። አንገቷን አንቆ ከግድግዳ አላተማት። እሷም ዝም አላለች፤ አፍንጫውን በክርኗ አፈረሰችው። አምቡላንሱ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ሁለተኛ ይጠራ ነበር።

በሳምንቱ ተርብ ሆስፒታል ሄደች። ግንቡ ከስቶ አልጋው ውጦታል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ አይደል?»

«ዶክተር፣ እስቲ ንገሪልኝ ለዚች» አለ አጠገቡ የቆመችውን ሐኪም።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ከአፍ እስከ መቀመጫ የሚሄድ ቱቦ ሳለች። «ሊምፎማ ይባላል፤ ካንሰር ነው። ምግብ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፣ ጨጓራ ላይ። ቀጥሎ ትንሹ አንጀት። ትልቁ አንጀት ላይ ብዙም አይታይም፤ የምግብ ቧንቧ ላይማ ከስንት አንዴ።» እስክሪብቶዋን ጨጓራው ላይ ተከለች። «የሱ እዚህ ነው። ቡጢ አያመጣውም፤ ወራት ተቀምጧል። መድኃኒት ጀምረንለታል።»

ዶክተሯ ስትወጣ ግንቡ ድምፁን ቀነሰ። «ሁለት ወር ሙሉ ሲያመኝ ነበር። ለልጆቹ እንዳትነግሪ። ግንቡን በሽታ ውስጥ ውስጡን በላው ይበሉኝ?»

«እያመመህ ነው ምቺ ያልከኝ? እና እኔ ገዳይ እየተባልኩ ልኑር?»

ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ ልምምድ ቤት ገና ስትገባ የበሬው ቡጢ ተቀበላት። ከንፈሯ ተተረተረ። ሁለተኛው ጎኗን አገኛት፤ ትንፋሽ አጠራት። በአንድ ቃል፣ «ካንሰር» ብላ፣ አፉን ልታስይዘው ትችል ነበር። ቃሏ ከደሙ ጋር ምላሷ ላይ ነበረች።

ዋጠቻት።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም!»

«ቀሪውን መንገድ ላይ ትመታኛለህ። ጫማችሁን አድርጉ፣ ሁላችሁም። ግንቡ ጋ ነው የምንሄደው፤ ራሱ ይንገራችሁ።»

ጓንቷን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና በሩን ከፍታ ያዘችላቸው።