ተረከዙን ያየ ነጋዴ

«የያዝከው ቆዳ የሚያስለቅስ ነው?»

«የሚያስቅም አለኝ።»

ሰሌዳ ጸሐፊው ሸረፋ የይለፍ ቃሉን መልስ ሲሰማ የሱቁን በር ዘጋ። ከውጭ የቡታጅራ አውቶቡስ ረዳቶች ይጮኻሉ።

ቆዳ ነጋዴ ነኝ ብሎ የገባው ሀብተጊዮርጊስ ነጋዴ አይደለም። የጃንሆይ የደህንነት ሰው ነው። የምስጢር ስሙ «ጥጥ»። ቀድሞ ወታደር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ወልደአማኑኤልም ወታደር ነው፤ ጄኔራሎች ላይ የሚያሾፉ ፖስት ካርዶች ሻንጣው ውስጥ ተገኝተውበት ታስሯል። የደህንነት አለቃው «መጋዝ» ነገሩን ባጭሩ ቆረጠው፦ «ሠዓሊውን አምጣ፣ ወንድምህን ውሰድ።»

ሸረፋ ካርዶቹን ከቀለም ጣሳዎች ሥር አወጣ።

የላይኛው ካርድ ላይ ሆዱ የቀደመው ጄኔራል ሰልፍ ይጎበኛል። የወታደሮቹን የተወለወለ ጫማ እያየ ፈገግ ብሏል። ከኋላ ግን የወታደሮቹ ተረከዝ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ነው።

ሀብተጊዮርጊስ ሳቁ አመለጠው።

ምነው ምላሱን በነከሰ!

ሸረፋ ቢላ አነሳ። «ነጋዴ ሆዱን አይቶ ነው የሚስቀው። አንተ ተረከዙን አየህ። ወታደር ነህ።»

ሀብተጊዮርጊስ ወደ መስኮቱ ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀ። ውጭ ለሚጠብቁት ሰዎች ምልክቱ ይኸው ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለ ሸረፋ። ቢላው ዝቅ አለ። «ወልደአማኑኤል ‹አለቃ ከኋላ አያይም› ይላል ያለኝ ወታደር ወንድሙ አንተ ነህ? ቀልዱን ሁሉ ከጦር ሰፈር የሚያቀብለኝ እሱ እኮ ነው።»

ወንድሙ አቀባይ መሆኑን ሀብተጊዮርጊስ አያውቅም ነበር። ካርድ መያዝ እስር ነው። የጦር ሰፈሩን ጉድ ማቀበል ግን አንገትን ገመድ ውስጥ ያስገባል።

በሩ ተበረገደ።

«መጋዝ» ገባ፤ ሰዎቹ ሸረፋን በደረቱ አስተኝተው እጁን የኋሊት አሰሩት።

«ወንድሜስ፣ ጌታዬ?»

«የቀልዱን አቀባይ ከዚህ ሰውዬ አፍ ሳልሰማ ማንንም አልፈታም።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ቃል? ለሰላይ?» ብሎ «መጋዝ» መኪና ሊያስመጣ ወጣ።

ሀብተጊዮርጊስ ኪስ የሚፈትሽ መስሎ ሸረፋ ጆሮ ሥር ተንበረከከ።

«ሲገርፉህ አቀባዩ እኔ እንደሆንኩ ንገራቸው። ሀብተጊዮርጊስ በል።»

ሸረፋ ፊቱ ላይ ተፋበት።

«ከሃዲ። ይህንንስ በደስታ እላለሁ።»

«ጥጥ» ምራቁን ሳይጠርግ በጓሮ በር ወጣ። አጥር ዘለለ። ወደ ቆሼ ከተማ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሰቀለ።

ሸረፋ እንደተባለው አደረገ። ወልደአማኑኤል ተፈታ። ሸረፋ ግን ከእስር ቤት በሕይወት አልወጣም።

ከወራት በኋላ ቆሼ ገበያ ውስጥ እስር ያከሳው አንድ ቀጭን ልጅ ከአንዱ በርበሬ ሻጭ ወደ ሌላው እየዞረ ስለ ታላቅ ወንድሙ ስለ ሀብተጊዮርጊስ ይጠይቃል። ራቅ ብለው ሁለት የ«መጋዝ» ሰዎች ይከተሉታል። ልጁ አላያቸውም።

ከጆንያ ሥር ጎብጦ የቆመ ተሸካሚ ግን አይቷቸዋል። በርበሬው እንዳያስነጥሰው ፊቱን እስከ ዓይኑ በጨርቅ ጠምጥሟል።

ልጁ አጠገቡ ደረሰ።

«አንተስ ወንድሜ፣ ታውቀዋለህ?»

«ወንድሜ» ያለው ለማያውቁት መንገደኛ እንደሚባለው ነው።

ተሸካሚው ድምፁ እንዳይታወቅ በእጁ «አላውቅም» የሚል ምልክት አሳየው። ጆንያውን አስተካከለና ወደ ሚዛኑ ሄደ።