ተቀምጣ የተገኘችው ከሳሽ

ሟቿ የተገኘችው በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋች ነበር። ከእጇ አጠገብ ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥ ቆሟል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ራሷን አጥፍታለች ብለው ደምድመዋል።

ኢንስፔክተሩ ግን ለመደምደም የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ተቀምጦ የሞተ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። የእሷ ደም የረጋው በግራ ጎኗ ነው። ክንዷ ላይም የመርፌ ምልክት አለ። በጎኗ ተኝታ ሞታለች፤ ከቆየች በኋላ ነው ሰው አንስቶ ያስቀመጣት።

አከራይዋን በረንዳ ላይ አገኛቸው።

«እናቴ፣ እንዴት ያለች ሰው ነበረች?»

«የግቢው ልጆች ‹ዘበኛዋ› ይሏታል፤ ሁሌ ቆማ ስለሚያዩዋት። ስትወልድ ተቀደደች፤ ሐኪሙ እንደነገሩ ሰፍቶ ለቀቃት። ስፌቱ መገለ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የለ፣ እረፍት የለ። ጸሐፊ ነበረች፣ ሥራዋን ተወች። አሁን ላውንደሪ ቤት ቆማ ትተኩሳለች።»

«ጨርሶ አትቀመጥም?»

«መሃሉ ክፍት የሆነ የስፖንጅ መከዳ ሰፍቼላታለሁ፤ በሱ ትንሽ አረፍ ትላለች። ትናንት አጥባ አሰጣችው፤ ያውልህ።»

ኢንስፔክተሩ ገመድ ላይ የተሰጣውን መከዳ ጨመቅ አደረገው። ውሃ ጠብ አለ።

«ማን ይጠይቃት ነበር?»

«ማንም። እኔም ብሆን በመስኮት ነበር የማዋራት። ሽታው... ምን ልበልህ ልጄ፣ ጎረቤቷ ነኝ ለማለት አፍራለሁ።»

የሟቿ ባል ሴት ልጃቸውን ይዞ ከቤት የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ለምን እንደተዋት ሲጠየቅ፣ የቆመ አውቶቡሱ ውስጥ መሪውን እንደያዘ መለሰ።

«እራት ስንበላ እኔና ልጅቷ ተቀምጠን፣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ማየቱ አቃተኝና ወጣሁ።»

«ሐኪሙ ላይ ክስ የመሠረተችውስ ለምንድን ነው?»

«በካሳው ሌላ ቦታ ልትታከም። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙ አንዴ እንኳ እንዲያያት ለምናው ነበር። እምቢ አላት።»

ሐኪሙ ኢንስፔክተሩን በክሊኒኩ በትሕትና ተቀበለው። ክሱ በቅርቡ ይሰማል፤ ከተረታ የሥራ ፈቃዱን ያጣል።

«ከልብ አዝናለሁ። ግን ቁስሏ ከዳነ ቆይቷል፤ ለፍርድ ቤቱም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

«ከሰፏት በኋላ አይተዋታል?»

«ማየት አላስፈለገም።»

«ቤቷስ ሄደው ያውቃሉ?»

«የት እንደምትኖር እንኳ አላውቅም።»

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲደርስ ኢንስፔክተሩ ሦስቱንም በሟቿ ክፍል ሰበሰባቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«ሆዷ ውስጥ ክኒን የለም» ብሎ ጀመረ። «ደሟ ውስጥ የተገኘው ለቀዶ ሕክምና የሚውል ማደንዘዣ ነው። ገዳዩ ራሷን ያጠፋች ለማስመሰል ጤነኛ ሰው በሚቀመጥበት አስቀመጣት። አከራይዋ ይህን አያደርጉም፤ መከዳውን የሰፉት እሳቸው ናቸው። ባሏም አያደርገውም፤ ቆማ ስትበላ ሲያያት ኖሯል። ያስቀመጣት መቀመጥ እንደማትችል የማያውቅ ሰው ነው። ድናለች ብሎ ተናግሮ፣ የተናገረውን ራሱ ያመነ።»

ሐኪሙ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይህ ግምት ነው።»

«ክንዷ ላይ የትግል ምልክት የለም። ወዳ ነው የሰጠችዎት። ላይሽ መጣሁ አሏት፤ ለምርመራ በጎኗ ተኛች፤ ማስታገሻ ነው ብለው ወጓት። ከዚያ ግን አላዩዋትም፣ ዶክተር። አንድ ጊዜ ቢያዩዋት ኖሮ እዚህ ወንበር ላይ አያስቀምጧትም ነበር።»

«ክሱን እንድትተው ልለምናት ነበር የመጣሁት» አለ ሐኪሙ ድምፁ ወርዶ።

«ማደንዘዣ ይዘው?»



ባልየው ቀና አለ። «በሩን ስትከፍትልህ ምን አለችህ?»

ሐኪሙ ወደ አልጋው ተመለከተ። «‹ይግቡ፣ ሰው ከመጣልኝ ስንት ጊዜዬ› አለችኝ። አልጋውንም ቶሎ ብላ አነጠፈችው።»

ኢንስፔክተሩ ይዞት ወጣ። ባልየው ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ቆየ። ሲወጣ አከራይዋ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ክሱን በልጃችን ስም ልቀጥል ነው» አላቸው። «ይመሰክሩልኛል?»

«እመሰክራለሁ» አሉ። «ይሄን ቃልህን ግን እሷ ብትሰማው ጥሩ ነበር።»